ማን ማንን ያስጠብቃል? ስለ ጨዋታ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር

የቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ሆይ፤ በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት ወጪና ስለ ጉርብትና ስንጽፍ ኖረናል። ዛሬ ደግሞ ልጆች በሚጫወቱበት ኮምፒዩተር ውስጥ ስላለች፣ ከመዳፍ ስላነሰች አንዲት ዕቃ እንጽፋለን። ይህ የጎረምሶች ወሬ እንጂ የቤተ ሰብ ጉዳይ አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን የቤት ገንዘብ የሚወጣበት፣ እኅትና ወንድም የሚከራከሩበት፣ አባትም ሳያውቅ የሚፈርድበት ነገር ሁሉ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው። እኛም ሳናውቅ ልንፈርድ ተቃርበን ስለ ነበረ፣ በቤታችን የሆነውንና ከእርሱ ያገኘነውን ትምህርት፣ ለሌላው ቤት ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ከዚህ በታች ጽፈነዋል።

ልጃችን 16 ዓመት ሆኖታል። ትምህርቱን አጥንቶ ከጨረሰ በኋላ የሚወደው ጨዋታ፣ ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ያወጣው የበረራ ጨዋታ ነው። ጨዋታው የምድርን ሁሉ መልክ የያዘ ስለ ሆነ፣ ልጁ ከቦሌ ተነሥቶ በእንጦጦ ላይ ዞሮ ሲመለስ እኛም ወንበር ስበን የምናይበት ጊዜ ነበረ። ነገር ግን ሎንዶንን ወይም ኒውዮርክን ወደ መሰለ ትልቅ ከተማ በቀረበ ጊዜ፣ ሥዕሉ እንደሚያነክስ በቅሎ አንዴ ቆም፣ አንዴ ዘለል እያለ ጨዋታውን ያበላሽበት ጀመረ።

በዚህ ጊዜ ልጁ አንድ ወረቀት ጽፎ አመጣልን። በወረቀቱም ላይ አዲስ ፕሮሰሰር፣ አዲስ ማዘርቦርድ፣ አዲስ ራም፣ አዲስ ግራፊክስ ካርድ የሚል ተዘርዝሮ ነበር። «አባባ፣ ኮምፒዩተሩ አርጅቷል፤ ሁሉም ካልተለወጠ አይሆንም» አለን። በዚያው ወር ለባለቤታችን ዕቁብ ወጥቶላቸው ነበርና፣ ልጁ ወረቀቱን ይዞ የቀረበበትን ቀን ሳያስብበት የመረጠው አልነበረም። እሳቸው ግን ገንዘቡን ያሰቡት ለውሃ ሮቶ ነበር። በሰፈራችን ቧንቧው የሚፈሰው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነውና። ደግሞም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ እንዴት እንደ ተወደደ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ባለቤታችን «ውሃ በሌለበት ቤት ጨዋታ አይገዛም» አሉ። እኛም «እንግዲህ የዚህ ነገር ወሬ አይነሣ፤ በዚህ ዕቃ ምክንያት አንዳች ነገር ቢበላሽ ሁሉንም ከቤት አውጥተን እንጥለዋለን» ብለን ቁጣ ጨመርንበት። ይህን ቃላችንን አንባቢ ያስታውስልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ የነበረችው ታላቅ እኅቱ ግን፣ «አባባ፣ ነገር ሳይመረመር ፍርድ አይሰጥም ሲባል የሰማነው ከእርስዎ አፍ ነው። ይህስ መቼ ተመረመረ?» አለችን። እኛም በፍርድ ቤት መዝገብ ስናገላብጥ የኖርን ሰዎች ነንና፣ ቃሏ ነካን። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንዲሉ፣ ምርመራው እንዲጀመር ፈቀድን።

ልጆቹ እንዳስረዱን፣ በኮምፒዩተር ውስጥ ለጨዋታ የሚደክሙ ሁለት ዋና ሠራተኞች አሉ። አንደኛው ፕሮሰሰር ነው፤ ይኸውም አውሮፕላኑ የት እንዳለ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ከመስኮቱ ምን መታየት እንደሚገባው የሚያሰላ ነው። ሁለተኛው ግራፊክስ ካርድ ነው፤ ይኸውም ፕሮሰሰሩ ያዘዘውን ተቀብሎ ሥዕሉን የሚሥል ነው። ዓይን የሚያየው ተንቀሳቃሽ ነገር በእውነቱ ተከታትለው የሚመጡ ሥዕሎች ናቸው። በአንድ ሴኮንድ 60 ሥዕል እንዲታይ ከተፈለገ፣ ለአንዱ ሥዕል የሚሰጠው ጊዜ 17 ሚሊሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። ሚሊሴኮንድ ማለት የአንድ ሴኮንድ አንድ ሺሕኛ ክፍል ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለቱም ሥራቸውን ካልጨረሱ፣ አንዱ ሌላውን ያስጠብቃል፤ ሥዕሉም ይዘገያል።

ድግስ ደግሶ የሚያውቅ ቤት ይህን በቶሎ ያስተውለዋል። ወጡ በአራት ድስት ተሠርቶ ቢጠብቅ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ግን አንዲት ብትሆን፣ እንግዳው የሚስተናገደው በእንጀራዋ ፍጥነት ነው። በዚህ ጊዜ ወጥ ሠሪ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «የቱ ዕቃ ይበልጣል?» የሚለው ሳይሆን፣ «ማን ማንን ያስጠብቃል?» የሚለው ነው።

ይህን ለማወቅ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ምርመራ አለ። የሥዕሉን ነጥብ ብዛት ዝቅ ማድረግ ነው። ልጁ ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ አድርጎ፣ በዚያው ከተማ ላይ፣ በዚያው ከፍታ አበረረ። ሥዕሉ ሲያንስ የሠዓሊው ሥራ ስለሚቀል፣ የሥዕሎቹ ቁጥር በሴኮንድ ቢጨምር ኖሮ ዘገየ የሚባለው ግራፊክስ ካርዱ በሆነ ነበር። ነገር ግን ቁጥሩ ባለበት ቀረ። እንግዲህ ሠዓሊው እጁን አጣጥፎ ትእዛዝ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። በዚህም ከወረቀቱ ላይ ከሁሉ የሚወደደው ዕቃ፣ ግራፊክስ ካርዱ፣ ተሰረዘ። ባለቤታችንም ይህን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ፈካ አለ።

ከዚህ በኋላ የማዘርቦርዱ ነገር ተመረመረ። ማዘርቦርድ ማለት ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ የሚገባበት ቦታ ሶኬት ይባላል። የእኛ ሶኬት ኤ.ኤም. 4 የሚባለው ነው። ኤ.ኤም.ዲ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ራይዘን የሚላቸውን ፕሮሰሰሮች በዚህ ሶኬት መሸጥ የጀመረው በ2017 ሲሆን፣ በ2022 ኤ.ኤም. 5 የሚባል ሌላ ሶኬት ካወጣ በኋላም ለአሮጌው አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ማውጣቱን አልተወም። አዲሱን ሶኬት የመረጠ ሰው አዲስ ማዘርቦርድና ዲ.ዲ.አር. 5 የተባለ አዲስ ራም መግዛት ግድ ይሆንበታል። በአሮጌው የጸና ግን ፕሮሰሰሩን ብቻ ሊለውጥ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ከወረቀቱ ላይ የቀረው አንድ መሥመር ብቻ ሆነ።

በቤታችን የነበረው በ2018 የወጣው ራይዘን 5 2600 ነበር። ልጁ የመረጠው ደግሞ በ2024 መጀመሪያ የወጣውን ራይዘን 7 5700ኤክስ3ዲ ነው። እኛም ሣጥኑ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር አይተን ተቃወምን። ጊጋሄርዝ የሚባለው ልክ ፕሮሰሰሩ በአንድ ሴኮንድ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚመታ ይነግራል። 5700ኤክስ የተባለው ወንድሙ እስከ 4.6 ጊጋሄርዝ ሲደርስ፣ ይህ የተመረጠው ግን ከ4.1 አያልፍም። ሁለቱም ስምንት ስምንት ኮር አላቸው። «እንግዲህ ዝግተኛውን አብልጠህ ለመግዛት ምን አነሣሣህ?» ብለን ጠየቅነው።

መልሱን ያገኘነው ግን ከራሳችን ሥራ ነው። በመዝገብ ቤት ዳኛው የሚጠይቁት መዝገብ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ካለ፣ እጅ ዘርግቶ ማንሣት ነው። በታችኛው ክፍል መደርደሪያ ላይ ካለ ግን ደረጃ መውረድ፣ ቁልፍ መጠየቅ፣ አቧራ ማራገፍ ይመጣል። ጸሐፊው የቱንም ያህል ፈጣን እጅ ቢኖረው፣ መዝገቡ እስኪመጣ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የቅርብ ማስታወሻ ካሽ ይባላል፤ እርሱ ጠረጴዛው ነው። ራም የሚባለው ደግሞ መደርደሪያው ነው። ፕሮሰሰሩ የፈለገውን በካሹ ሳያገኘው ቀርቶ ከራም ለማምጣት ሲጠብቅ፣ በመቶ የሚቆጠር ምት በከንቱ ያልፍበታል። ጨዋታ ደግሞ ብዙ ትንንሽ ነገሮችን ደጋግሞ የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነ፣ ከፈጣን እጅ ይልቅ ሰፊ ጠረጴዛ ይጠቅመዋል።

በአሮጌው ፕሮሰሰራችን የነበረው ትልቁ ካሽ 16 ሜጋባይት ነበር፤ በ5700ኤክስ 32 ነው፤ በተመረጠው ግን 96 ነው። ይኸውም ከአሮጌው ስድስት እጥፍ ማለት ነው። መሐንዲሶቹ ጠረጴዛውን ያሰፉት ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ነው። በ32ቱ ሜጋባይት ላይ ሌላ 64 እንደ ሁለተኛ ፎቅ ደረቡበት፤ የስሙ መጨረሻ 3ዲ የተባለውም ስለዚህ ነው። ይህ አሠራር ለቤት ኮምፒዩተር መጀመሪያ የወጣው በ2022 በ5800ኤክስ3ዲ ሲሆን፣ ያን ጊዜ በአሜሪካ ዋጋው 449 ዶላር ነበረ። 5700ኤክስ3ዲ ሲወጣ ግን ዋጋው 249 ዶላር ሆነ። እኛም ነገሩን ከተረዳን በኋላ ተቃውሟችንን አነሣን።

የገንዘቡ ነገር የተወሰነው በባለቤታችን ነው። ሊገዙት ያሰቡትን ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ትተው ባለ 1,000 ሊትሩን ገዙ፤ በቀረው ገንዘብ ፕሮሰሰሩ እንዲገዛ ፈቀዱ። ዕቃውን በዱባይ የሚኖሩት ወንድማቸው ለገና በዓል ሲመጡ ይዘውልን መጡ። ስለዚህ ቢሰበር መልሶ ለመለወጥ የማይቻል፣ ከእናት ውሃ ተቀንሶ የተገዛ ዕቃ ነበር። ልጁም ይህን ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥፋቱ እንመጣለን። አዲስ ፕሮሰሰር በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ከመግባቱ በፊት፣ በማዘርቦርዱ ውስጥ ያለውን ባዮስ የተባለ የመነሻ ፕሮግራም ማደስ ያስፈልጋል። አለዚያ ሰሌዳው የማያውቀውን እንግዳ አይቀበልም። ብዙውን ጊዜ ይህ እድሳት የሚደረገው አሮጌው ፕሮሰሰር በቦታው እያለ ነው። ልጁ ይህን አንብቦ ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ለቅሶ ለመድረስ በወጣንበት ጊዜ፣ ጉጉቱ አሸነፈውና እድሳቱን ሳያደርግ አሮጌውን ለማውጣት ተነሣ። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት በዓመታት ብዛት ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኖ ነበር። ልጁ ማቀዝቀዣውን ወደ ላይ በኃይል በሳበው ጊዜ፣ ፕሮሰሰሩ ከተቆለፈበት ሶኬት አብሮ ተነቅሎ ወጣና ከወለሉ ላይ ወደቀ። በኤ.ኤም. 4 ፕሮሰሰር ግርጌ 1,331 ቀጫጭን እግሮች አሉ። ከእነዚህ በአንዱ ማዕዘን ያሉት እንደ ተረገጠ ሣር ተኙ።

በዚህ ጊዜ በቤታችን ሁለት ፕሮሰሰሮች ነበሩ፤ የሚሠራ ኮምፒዩተር ግን አልነበረም። አሮጌው በእግሩ መታጠፍ፣ አዲሱም በባዮሱ አለመታደስ ምክንያት አይገቡም። የእኅቱ የመመረቂያ ጽሑፍም በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ለመምህሯ ልታስረክበው ቀን ተቆርጦላት ነበር።

ማታ ስንመለስ ልጁ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ ጠፋ» አለን። እኅቱ ገርጥታ ዝም አለች። እኛም መብራቱን ወቅሰን ተኛን። እሑድ ጠዋት ግን ልጁ ቁርሱን ሳይበላ መጥቶ በፊታችን ቆመና፣ «አባባ፣ መብራት አይደለም፤ እኔ ነኝ» አለን። የታጠፈውንም ፕሮሰሰር በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞ ነበርና አሳየን።

መጀመሪያ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ተቆጣን። ከዚያም «ትናንት ማታ ስለ ምን አልነገርኸንም?» ብለን ጠየቅነው። እርሱም፣ «አንዳች ነገር ቢበላሽ ሁሉንም እንጥለዋለን ብለው ነበር። ገንዘቡ ደግሞ የእማማ ነው። ፈራሁ» አለ። አንባቢ ሆይ፣ ያን ቀን የታወሰን የራሳችን ቃል ነው። ልጁ ለሠራው ጥድፊያ ተጠያቂው እርሱ ነው፤ ለውሸቱ ግን መንገዱን የጠረግንለት እኛ ነበርን። ቅጣቱን አስቀድሞ አውጆ የተቀመጠ ዳኛ እውነተኛ ምስክር አያገኝም። በልጁ መዘግየት የጠፋው አንድ ሌሊት ነበረ፤ እኅቱ ግን የነበራት ጠቅላላ ጊዜ ሁለት ሌሊት ነበር። ስለዚህ ቁጣውን አቁመን ወደ መፍትሔው ሄድን።

በሰፈራችን ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ሰዓት ሠሪ አሉ። እሑድ ሱቃቸው ዝግ ስለ ነበረ ከነልጁ ወደ ቤታቸው ሄድን። ልጁም «ጋሼ፣ ይህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ቢቻል ያቅኑልኝ» ብሎ በራሱ አፍ ለመናቸው። ሽማግሌው በዓይናቸው ላይ ማጉያ መስተዋታቸውን አድርገው፣ ፕሮሰሰሩን በመስኮቱ ብርሃን እያገላበጡ ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያም በቀጭን ወረንጦና በመርፌ፣ አንዱን እግር ከጎረቤቱ ጋር እያስተያዩ፣ ጥቂት በጥቂት ያቀኑት ጀመር። ልጁ ችኮላ ባሳየ ጊዜ፣ «ብረት አንድ ጊዜ ቢታጠፍ ይቃናል፤ ወዲያና ወዲህ ካመላለሱት ግን ይሰበራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህምን?» አሉት። ሥራው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። ገንዘብ አንቀበልም ብለው፣ ቡና ብቻ ጠጥተው ሸኙን።

ወደ ቤት ተመልሰን አሮጌው ፕሮሰሰር ወደ ሶኬቱ በቀረበ ጊዜ፣ ያለ ምንም ግፊት በራሱ ክብደት ገባ። እንዲህ መግባቱ እግሮቹ መቃናታቸውን የሚያስረዳ ምልክት ነው፤ መግፋት የሚያስፈልግ ቢሆን ኖሮ መተው ይገባን ነበር። ኮምፒዩተሩ ተነሣ። እኅቱም አንድ ቃል ሳትናገር ጽሑፏን በፍላሽ ገልብጣ ወሰደች፤ ሰኞም በሰዓቷ አስረከበች።

በሚቀጥለው ሳምንት የተቀረው ሥራ በሥርዓቱ ተሠራ። ባዮሱ በሚታደስበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ፈጽሞ ሊበላሽ ይችላል። በከተማችን ደግሞ መብራት የሚሄድበትን ሰዓት የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከጎረቤት ባትሪ ያለውን ዩ.ፒ.ኤስ. ለአንድ ማታ ተውሰን እድሳቱን በእርሱ ላይ አደረግን። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ከባድ ሥራ እንዲሠራ ተደርጎ ቅባቱ በሙቀት ከለሰለሰ በኋላ፣ ተዘግቶ፣ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፣ ማቀዝቀዣው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተጠመዘዘ በቀስታ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ፕሮሰሰሩ በቦታው ቀረ።

ማቀዝቀዣውንም መለወጥ አስፈልጎናል። አሮጌው ፕሮሰሰር ለ65 ዋት የተመደበ ነበር፤ አዲሱ ለ105 ዋት የተመደበ ሲሆን፣ በሣጥኑ ውስጥ ማቀዝቀዣ አይመጣም። ይህን ወጪ አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ኋላ ይደነግጣል። ደግሞም አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናትና፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ስስ ነው፤ ግፊቱም ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስስ አየር ሙቀትን አንሥቶ የመውሰድ ኃይሉ ያነሰ ስለ ሆነ፣ በሌላ አገር በቂ የተባለ ማራገቢያ በእኛ ዘንድ ጥቂት ሊያንስ ይችላል። ቀዝቃዛው የከተማችን አየር ግን በከፊል ይክሰዋል። እኛም ከሚያስፈልገው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ማቀዝቀዣ ገዛን፤ አልተጸጸትንም።

ዕቃው ከገባ አሁን ሰባት ወር አልፎታል። ባለንብረት እንደ መሆናችን ያየነውን መልካሙንም መልካም ያልሆነውንም እንናገራለን። በበረራው ጨዋታ በትልልቅ ከተማ ላይ የሥዕሉ ቁጥር ቀድሞ በሴኮንድ ወደ 25 ይወርድ ነበር፤ አሁን ከ40 በታች የሚወርደው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚህም ይልቅ ደስ ያሰኘን፣ ያ ድንገት ቆም ብሎ የመዝለል ነገር አብዛኛው መጥፋቱ ነው። ከተማ በሚገነባበት ሌላ ጨዋታም፣ ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ ይመጣ የነበረው መጎተት ቀንሷል።

መልካም ያልሆነውስ? ሥዕሉ እጅግ ያማረና የከበደ በሆነ አንድ ጨዋታ ላይ ምንም ለውጥ አላየንም፤ በዚያ የሚያስጠብቀው ሠዓሊው፣ ግራፊክስ ካርዱ ነውና። ከውጭ አገር ልጆች ጋር በኢንተርኔት በሚደረገው የተኩስ ጨዋታም፣ ትእዛዙ ባሕር ተሻግሮ እስኪመለስ ያለው መዘግየት እንደ ቀድሞው ነው፤ ፕሮሰሰር መንገድ አያሳጥርም። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ ልዩነቱን ያወቀልን ሰው የለም። የሙቀቱም ነገር ከአሮጌው ይበልጣል፤ ከላይ የተደረበው ፎቅ ሙቀቱ በቶሎ እንዳይወጣ ያደርገዋልና። ኩባንያው የፈቀደው ወሰን 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የእኛ ከ80 አልፎ አያውቅም። ፍጥነቱንም ከተወሰነለት በላይ ለመጨመር ኩባንያው አይፈቅድም፤ እኛ ግን ለጎረምሳ ቤት ይህ ጥፋት ሳይሆን ጥበቃ ነው እንላለን።

ከዚህ ሁሉ ያገኘነውን ምክር በአጭሩ እናስቀምጣለን።

አንደኛ፤ ልጅ «ሁሉም ይለወጥ» ቢል፣ ሁሉንም ከመግዛትም ሁሉንም ከመከልከልም በፊት ምርመራው ይደረግ። የሥዕሉን ነጥብ ዝቅ አድርጎ ቁጥሩን ማየት የአንድ ማታ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፤ ቴሌቪዥን መሰሉ መስኮት፣ ሞኒተር የሚባለው፣ በሴኮንድ ስንት ሥዕል ማሳየት እንደሚችል ይጠየቅ። 60 ብቻ ለሚያሳይ ሞኒተር፣ 150 ሥዕል የሚያሰላ ፕሮሰሰር መግዛት ለአንድ እንግዳ በሬ እንደ ማረድ ነው።

ሦስተኛ፤ የማዘርቦርዱ ሠሪ የትኞቹን ፕሮሰሰሮች እንደሚቀበልና የትኛው ባዮስ እንደሚያስፈልግ የሚናገር ዝርዝር አለው። ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ይነበብ፤ እድሳቱም አሮጌው በቦታው እያለና መብራቱ በተጠበቀበት ሰዓት ይደረግ።

አራተኛ፤ የማቀዝቀዣውና የቅባቱ ዋጋ ከመጀመሪያው በወጪው ላይ ይቆጠር።

አምስተኛ፤ ያገለገለ ፕሮሰሰር የሚገዛ ሰው የዕቃውን ታሪክ ይጠይቅ፤ የኤ.ኤም. 4 ከሆነም ገልብጦ እግሮቹን ይይ። በ2024 ኢንቴል የተባለው ኩባንያ፣ ከ13ኛና ከ14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ አንዳንዶቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ በመጠየቃቸው ሥራቸው እንደ ተናጋ አስታውቆ፣ ማስተካከያ ፕሮግራም አወጣ፤ ዋስትናቸውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ግን አስቀድሞ የተጎዳውን ፕሮሰሰር አያድነውም። ስለዚህ ከእነዚህ አንዱን ካገለገለ በኋላ የሚገዛ ሰው፣ ማስተካከያው መቼ እንደ ገባበት መጠየቅ ይገባዋል።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ለእኛ ለወላጆች ነው። ጥፋት ሳይሠራ ቅጣት አናውጅ። ልጅ የሰበረውን ዕቃ በዚያው ሰዓት ይዞ እንዲመጣ የሚያደርገው፣ ብንቆጣም እንኳ እንደምንሰማው ማወቁ ነው።

የአሮጌው ፕሮሰሰር ነገር ምን ሆነ የሚል ቢኖር፣ ልጁ ባለፈው ወር ሸጦታል። ገዢው የጎረቤት ሰፈር ተማሪ ነበር። እኛ በበር አጠገብ ቆመን ስንሰማ፣ ልጁ ዕቃውን ገልብጦ በማዕዘኑ ያሉትን እግሮች እያሳየ፣ «እነዚህ ታጥፈው ነበር፤ ተቃንተው ሠርተዋል። በእኔ እጅ ነው የወደቀው» አለው። ገዢው ስለዚህ ነገር ከዋጋው ላይ ቀነሰ። ልጁም የተቀበለውን ገንዘብ ሳይቆጥር ወስዶ ለእናቱ ሰጣቸው፤ «ለሁለተኛው ሮቶ መጀመሪያ ይሁን» አላቸው። ባለቤታችን ገንዘቡን ተቀብለው በመቀነታቸው ቋጠሩት፤ ያን ማታም እሳቸው ራሳቸው ወንበር ስበው፣ ልጁ ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ላሊበላ ሲበር ሲመለከቱ አመሹ።